ፕላንክተኖቹ የማን ልጆች ናቸው?

አያቴ ከማንም ጋር ሲተዋወቁ ከስም በፊት «የማን ልጅ ነህ?» ይሉ ነበር። በሚሠሩበት ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ሲገፉም ሐበሻ መንገደኛ ካገኙ መሳፈሪያው በር እስኪደርስ ሰባት ቤት ያስቆጥሩት ነበር።

ስለ ጥናቴ ሲጠይቁኝ፣ «ፕላንክተን በባሕር ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ ባሕሩ ወደ የብስ ገባ ካለባቸው ጥጎች እየቀዳሁ ዝምድናቸውን በዲኤንኤ አያለሁ» አልኳቸው።

«እና የማን ልጆች ሆነው ተገኙ?»

«ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ጥጎች የሚኖሩት ዝምድናቸው ሩቅ ነው፣ አባባ። ብዙም አይቀላቀሉም።»

ሳቁ። «እንደ እኛ አፓርትመንት ናቸው በይኛ! በር ለበር ሆነን የማንተዋወቀው ጠያቂ ስለጠፋ ነው።»

ልቅሷቸው ላይ ቻምበርስ ሮድ ያለው የአፓርትመንታችን ሳሎን ሞላ። ሁሉም እሳቸውን ያውቃል፤ እርስ በርሱ ግን አይተዋወቅም። ማንም ያልደፈረው የእሳቸው ወንበር ብቻ ባዶ ነበር። ሄጄ ተቀመጥኩበትና አጠገቤ ወዳሉት ጎረቤት ዞር ብዬ፣ «ይቅርታ፣ የማን ልጅ ነዎት?» አልኩ።

መቁጠር ጀመሩ። ቅድመ አያታቸው ላይ ሲደርሱ፣ በሩ አጠገብ የነበሩ አንዲት እናት «እንዴ! እኔም የእሳቸው ዘር ነኝ እኮ!» ብለው ተነሡ።

አባባ፣ ይረፉ። ጠያቂ አለ።