በምንይችል ክንድ የተለካች ኤንትሬ

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ጫማዬን ማውለቅ ነበር።

ወንድሜ ምንይችል ዳንግላ ገበያ ዳር፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት አጠገብ የቆርቆሮ ሥራ ሱቅ ነበረው። ለእንጀራው ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ይሠራል። ለልቡ ደግሞ ትንንሽ መኪና ይሠራል። በጠጠሩ መንገድ የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች እያየ፣ በዘይትና በላምባ ጣሳ አምሳያቸውን ያወጣል። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልርዳህ ብዬ ሄድኩ።

«ምን ታውቃለህ?» አለኝ።

«አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ።»

«እሱን ማን ጠየቀህ? እግርህን አሳየኝ።»

አሳየሁት። በርባሶ ነበር የተጫማሁት፤ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን። የግራውን አወለቀና ገልብጦ አየው። «ጥርሱ ገና ነው» አለ። ከዚያ ቢላዋ ሰጠኝና ጎማ አቆራረጥ አሳየኝ። ማታ ጫማዬ የአንድ መኪና ሙሉ ጎማ ሆኖ ነበር። እኔ በአንድ እግር ጫማ ቤት ገባሁ።

«ሌላውስ?» አለች እማ።

«ባሕር ዳር ሄደ» አልኳት። እንዲህ በላት ያለኝ እሱ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። ማዕረጉ ግን ብዙ ነው። ጎማ ቆራጭ አለ፣ ሞራጅ አለ፣ በያጅ አለ፣ ቀለም ቀቢ አለ፣ ከሁሉ በላይ ሥራ መሪ አለ። ሥራ መሪው እሱ ነው። እኔን ከጎማ ቆራጭነት ወደ ሞራጅነት ሲያሳድገኝ ከበርጩማው ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። ደመወዙስ ስለው፣ «ማዕረግና ደመወዝ ምን አገናኛቸው?» አለ።

ሥራው እንዲህ ነው። ላሜራውን በመቀስ እንቆርጣለን፤ ጠርዙን በሞረድ እንሞርዳለን። የመበየጃው ብረት ከሰል ላይ ይግላል፤ በእርሳስ እንበይዳለን። የጎማው ዘንግ የጃንጥላ ሽቦ ነው። የፊት መብራቱ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። ቀለሙ ከጋሪ ቀቢው የተረፈ ነው። ለዚህ ነው አውቶቡሶቻችን ሁሉ እንደ ጋሪ ቀይና ቢጫ የነበሩት።

ልኩ ግን... ልኩን መጻፍ አለብኝ፤ ሁሉም ከሱ ነው የመጣው። ምንይችል ሜትር አይወድም። ሕጉ አንድ ነበር፦ የትልቋ መኪና አንድ ክንድ፣ ለትንሿ አንድ ጣት። ክንድ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ነው። ጣት የሚባለው የጣት ወርድ ነው። ሾፌር ምሳ ሊበላ ሲገባ፣ ምንይችል መኪናው ላይ ክንዱን እያጋደመ ይቆጥራል። አይጽፍም። በቃሉ ይይዛል። አንድ ጊዜ ከአውቶቡስ ኋላ ተንበርክኮ ሲለካ አውቶቡሱ ተነሣ። «ቁም! ቂጥህን አልጨረስኩም!» እያለ እስከ ድልድዩ ሮጠ። ገበያው ሁሉ ለሳምንት በዚህ ጠራው።

ከደንበኞቻችን አያ ፈንታን አልረሳም። ከቆሰበር ወዲያ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ፈረሳቸውን ከልጆቻቸው አብልጠው ይወዳሉ ይባላል። ማንቆርቆሪያ ሊገዙ መጥተው አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና አነሡ። ኮፈኗን በአውራ ጣታቸው ከፈት አድርገው ወደ ውስጥ አዩ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አዲስ ናት አያ» አለ ምንይችል።

«ታዲያ ጥርስ የላትም እኮ።»

ገዟት። ለልጅ መስሎን ነበር። ለፈረሱ ነው። ፈረሱ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲያይ እየደነበረ አስቸግሯቸዋል። ትንሿን ግርግሙ አጠገብ አስቀምጠው ሊያለማምዱት ነው። ከጥቂት ገበያ በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ልብሳቸው ጭቃ በጭቃ ነው።

«እንዴት ሆነ አያ?»

«ትንሿንማ ለመዳት። ቀለሟን ልሶ ጨረሰ። ዛሬ ትልቋን ሲያይ ግን፣ ‹ይህችማ እናቷ ናት፣ ልጇን ልትጠይቀኝ መጣች› ብሎ ገደል ይዞኝ ገባ!»

ምንይችል ሳይስቅ፣ «እንግዲያው መካከለኛ ልሥራልዎ?» አላቸው። ሰውየው በአዊኛ አንድ ነገር አጉረምርመው ወጡ። ምን እንዳሉ እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ሐጂ ኑሩ መጡ። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አንዲት ኤንትሬ የጭነት መኪና አለቻቸው። መኪናዋ ጫግኒ እህል ልታመጣ ስትወርድ እንቅልፍ ያጣሉ። ስለዚህ ሱቃቸው መደርደሪያ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ አምሳያ ፈለጉ። «ራሷን እንድትመስል እፈልጋለሁ» አሉ። «አጋሰስ እንዳታደርግብኝ።»

ምንይችል ትልቋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ለካት። ከዚያ ካቢናውን ሠራ። እንደዚያ ያለ ካቢና ሠርቶ አያውቅም። በሮቹ ይከፈታሉ። መሪው ይዞራል። ለመስተዋቱ ፎቶ አንሺው የጣለውን ነጌቲቭ በሙቅ ውኃ አጠበ። የፎቶው ምስል ግን ሁሉም አልለቀቀም።

ሐጂ ሊያዩ መጡና ዓይናቸውን ጠጋ አደረጉ። «ይህች ሴት ማናት? ሻሽ ያሰረችው?»

«ሙሽራ ናት ሐጂ።»

«በኔ መኪና ምን ትሠራለች?»

«ጫግኒ ድረስ ተሳፍራ ነው። ሾፌርዎ ሳይነግርዎ ነው የሚጭነው።»

ሐጂ ከሳቃቸው የተነሣ ኮፍያቸው ወደቀ። ሙሽራዋ ትቆይ አሉ።

በዚያ ሳምንት ምንይችል ቆርቆሮ ሊገዛ ጫግኒ ወረደ። ሲመለስ ትኩሳት ነበረው። ወባ ነው አሉ። አልቆየም። ይህን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ እንዲህ ይቅር።

ሐጂ ለቅሶ መጡ። ስለ መኪናዋ አልጠየቁም። እማ ናት የጠየቀችኝ። «ያ ግማሽ መኪና እንዲሁ አፉን ከፍቶ ሊቀመጥ ነው? ልጄ የጀመረውን ትቶ አያውቅም» አለች። እኔም እሱ የሠራውን ካቢና ሳልነካ መኪናዋን መጨረስ ፈለግሁ። ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ትልቋን በክንዴ ለካሁ። የጭነቱን አካል በጣቴ ልክ ቆረጥኩ። ስፖንዳዎቹን፣ ማለት የጎን መዝጊያዎቹን፣ ሞርጄ በየድኩ። ካቢናው ኋላ አምጥቼ ሳስጠጋው... የጎረምሳ ጭንቅላት በሕፃን ትከሻ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነበር። ካቢናው በሁለቱም በኩል ተርፎ ቀረ።

ደጋግሜ ለካሁ። ቆጠራዬ ልክ ነው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ካቢናው በሱ ክንድና በሱ ጣት ነው የተለካው፤ ጭነቱ በኔ።

ጎረቤታችን ያለ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ አየና፣ «ካቢናውን ፍታና አጥብበው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። መቀሱን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

የሒሳብ መምህር ይህን ቢያነብ ይስቅብኛል። በስሌት ይገኝ ነበር። ያኔ አልመጣልኝም። የመጣልኝ፣ እንደሱ ያለ ክንድና እንደሱ ያለ ጣት ያለው ሰው መፈለግ ነው። መፈተኛውም ቀላል ነው፦ የሰውየው ክንድ በትልቋ ካቢና ስፋት ላይ ስንት ጊዜ እንደገባ ይቆጠራል፤ ጣቱም በትንሿ ካቢና ስፋት ያንኑ ያህል ጊዜ መግባት አለበት።

ሊያጽናና የመጣ ሰው ሁሉ ወደ ሐጂ ኑሩ ደጅ ተነዳ። መኪናዋ እዚያ ነው የምትቆመው። አጎቴ ቀደሙ። «ክንዱን ከኔ ነው የወረሰው» አሉ። ክንዳቸው ደህና ነበር። ጣታቸው ግን ዘነዘና ነው፤ በሳቸው ጣት ብሠራ መኪናዋ አዳራሽ ትሆን ነበር። ቀጥሎ የነፍስ አባታችን እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸውን አፍንጫዋ ላይ አጋድመው፣ «ይህ ከሥርዓተ ፍትሐቱ ውስጥ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የሳቸውም አልሆነም። እማ ከቤት ወጥታ ይህን ስታይ ሳቀች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከቀብሩ ወዲህ ሳቋን ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ የተሰለፈው ሰው ክንዱን መኪናዋ ላይ እየዘረጋ አገኙ።

«ምን አድርጋችኋት ነው? ወገቧን አሟታል ወይ፣ የምታሿት?»

ነገርናቸው። ደንበኛ ናቸውና ክንድዎን ይስጡ ለማለት ማንም አልደፈረም። እሳቸው ግን ጀለቢያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። «እኔ እኮ ጨርቅ በክንድ የምሸጥ ሰው ነኝ። ክንድህ አጭር ነው፣ ሌባ ነህ እየተባልኩ ነው የኖርኩት። እስቲ ቁጠር።»

ቆጠርኩ። ሱቃችን ገብተን ጣታቸውን በትንሿ ካቢና ላይ ቆጠርኩ። ልክ ሆነ።

እኔ የሐጂን ክንድ ነበር የማየው። በእርግጥም አጭር ነው። አጠገቡ የኔን አስቀመጥኩ፤ ይበልጠዋል። ምንይችል ረጅም ሰው ይመስለኝ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደበለጥኩት አላውቅም። እሱ ያውቅ ይሆን? አልነገረኝም።

የሠራሁትን ጭነት ጣልኩና እንደገና ጀመርኩ። ቁራጭ በቆረጥኩ ቁጥር ጣት ያስፈልገኛል። ሐጂ ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው ይመጣሉ፤ በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ፤ ጣታቸውን ላሜራው ላይ ያደርጋሉ።

«ይበቃል ሐጂ።»

«በደንብ አይተሃል? በኋላ ጣቴ አበጠ እንዳትል።»

አንድ ቀን የቀለጠ እርሳስ ጠብታ ነካቸው። «ወላሂ፣ መኪና አዝዤ ጣቴን ልትበይደው ነው!» እያሉ ገበያውን ዞሩ። በማግሥቱ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። በጨርቅ ስለ ወፈረ ያን ቀን ሥራ የለም። ቢሆንም እስኪመሽ ተቀመጡ።

ቆይቶ ገባኝ። «ሐጂ፣ የጣትዎን ወርድ ሸምበቆ ላይ ምልክት ላድርግ። በየቀኑ አይንከራተቱ» አልኳቸው። ይህን ከመጀመሪያው ማሰብ ነበረብኝ።

«ከመጀመሪያው አስቤዋለሁ» አሉ። «ሸምበቆ ግን አያወራም። እና ስፖንዳው የታለ? አምጣው።»

ጣታቸውን አኖሩ። ምንይችል በልጅነቱ ከሳቸው ሱቅ ባዶ ጣሳ ሲሰርቅ እንዴት እንደያዙት ማውራት ቀጠሉ።

ጭነቱና ካቢናው በተገናኙበት ቀን ምላጭ ብሞክር በመካከላቸው አልገባ አለ። ካቢናው እንዳለ ነው፤ ሙሽራዋም ተሳፍራለች። ሐጂ መኪናዋን አቡጀዲና ካኪ መካከል አስቀመጧት። እማ ልታያት ሄዳ በሮቿን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። ሐጂ አላቋረጧትም። እኔ አሁን ሱቁን ይዣለሁ፤ ሥራ መሪም ነኝ። እጄን የጨበጠኝ ሰው ግን የለም።

በክንድና በጣት ለምትሠሩ ሁሉ የምለው ይህ ነው። መለኪያችሁን እንጨት ላይ ምልክት አድርጋችሁ ሱቃችሁ ውስጥ ስቀሉት። የማን ክንድ እንደሆነም ጻፉበት። ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶ ይሞታል፤ የሚጨርሰው ደግሞ ሌላ ክንድ ያለው ሰው ነው።