የእትዬ ሜትሮ የቁመት ደብተር

የእኛ ድርጅት ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሰብስቦ ያሳድጋል፤ መኝታ ይሰጣል፣ ሙያ ያስተምራል፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ዕለት ደግሞ "በርቱ" ብሎ ከበር ያወጣል። መሙላቱ በምን ይታወቃል ካላችሁ፣ እሱን እንኳ ባትጠይቁኝ ይሻል ነበር። ልጅ የልደት ወረቀት ሳይኖረው ሲመጣ የመዝገብ ቤቱ ሹም በር ላይ ያቆመውና ከእግር እስከ ራሱ አየት አድርጎ "ዘጠኝ" ወይም "አሥራ አንድ" ብሎ ይጽፋል። በግ እንኳ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል!

እኔ እዚሁ ግቢ እንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ከግድግዳዬ ማዶ ልብስ ስፌት የምታስተምረው ሴት እትዬ ሜትሮ ትባላለች፤ የልብስ መለኪያ ሜትሮው ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። አላገባችም፤ ምላሷን የሚችል ወንድ አልተገኘማ። ጨርቅ ያበላሸችን ልጅ "እሰይ! እንጨት ቤት ይውሰዱሽ፤ እዚያ ሁሉም ጠማማ ነው" ትላታለች፣ እኔ እየሰማሁ። ለደንብ ልብስ ብላ በየዓመቱ ልጆቹን ሁሉ ትለካለች፤ ቁመት፣ ወገብ፣ ክንድ ከነቀኑ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አላጓደለችም።

ዘንድሮ ታዲያ ሎጋ የምንላት ልጅ ውጪ ተባለች። በመዝገብ አሥራ ስምንት ሞልቷታላ! ስትመጣ ረጅም ስለነበረች ሹሙ ዓመት አትረፍርፎ ሰጥቷታል፤ ቸርነቱ አይጣል ነው። ሥልጠናዋን ለመጨረስ ስድስት ወር ይቀራታል፤ አሁን ከወጣች የምስክር ወረቀትም ማደሪያም የላትም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ይሄ ነው።

እትዬ ሜትሮ ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። እኔም ተከተልኳት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ በሩን ይዤ ከመቆም በቀር የፈየድኩት የለም።

"ጌታዬ፣ ይዩልኝ፤ ባለፈው ዓመት ብቻ ስድስት ሴንቲ አድጋለች። አሥራ ስምንት የሞላት ልጅ እንዲህ ትመዘዛለች? ወይስ እርስዎም ገና እያደጉ ነው?"

እሳቸው በቁመት ከጠረጴዛቸው ብዙም አይበልጡም። ነገሩን ዋጥ አድርገው ደብተሩን ተቀበሉ። አገላብጠው አገላብጠው፣ "እንዴት ያለ ግሩም ማስረጃ ነው!" አሉ። የሎጋን ዕድሜ አሥራ ስድስት ብለው አስተካከሉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ። እትዬ ሜትሮ እልል ልትል አፏን ስትከፍት የሰውዬው ጣት ሌላ ገጽ ላይ ቆመ።

"ይቺ ሚጢጢ የምትሏት ልጅ በመዝገብ አሥራ አምስት ናት። በእርስዎ ጽሑፍ ግን አራት ዓመት ሙሉ አንድ መቶ አርባ ሦስት ሴንቲ ላይ ቆማለች። ማደግ ካቆመችማ ሞልቷታል ማለት ነው።"

"ኧረ አጭር ስለሆነች እኮ ነው!"

"ያስረዱኝ እርስዎ ነዎት። ሳይንስ ነው።"

የሎጋ አልጋ ተረፈ፣ የሚጢጢ ተለቀቀ። ሚጢጢ ስፌት ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነበር፤ ቁልፍ መትከል እንኳ አልለመደችም። እትዬ ሜትሮ ሌላ ጊዜ ቢሆን ለሦስት ቀን የሚበቃ ስድብ ነበራት፤ ያን ቀን አንድም አልወጣትም። "በገዛ እጄ ጻፍኩት" ብቻ አለች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሚጢጢን ወደ አንድ ክፍል ቤቷ ወሰደቻት። እኔም ከወርክሾፑ ትርፍ አልጋ ተሸክሜ ሄድኩ። ስገጣጥም ሚጢጢ ሻንጣዋን እንደያዘች ቆማ፣ "እትዬ፣ እኔ ግን እውነት ስንት ዓመቴ ነው?" አለች።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ። ስንት እንዲሆንልሽ ትፈልጊያለሽ?"

"አሥር።"

"ምነው አሥር?"

"ስምንት ዓመት ይቀረኛላ።"

እትዬ ሜትሮ ሻንጣውን ከእጇ ወስዳ መፍታት ጀመረች። እኔ ብሎኑን ይዤ ቀዳዳውን ፈለግሁ፤ ዕንባ ጋርዶኝ አልታይህ አለኝ።