ለፍየል ሁለት ጉርሻ

መተማ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ዘመዶቼ “ቆላ ነው፣ ወባው ይጨርስሻል” ብለውኝ ነበር። ወባው አልጨረሰኝም። የጎዳኝ ሰው ነው፤ እሱንም ሰዎቹ በሕይወት እያሉ ብጽፈው ይሻላል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጎረምሳ ሁሉ ለውትድርና ይፈለጋል፤ መሄድ ያልፈለገ ወይም ከግንባር የጠፋ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ይገባል። ድንበሩ ደግሞ ከገበያው እልፍ ሲሉ ነው። ስለዚህ በከተማው ሰው ከሰው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ እንኳ አንዱ የሌላውን እግር ያይ ነበር፤ ወዴት ሊሄድ ነው እያለ። እኔም ብዙ ሳልቆይ እንደነሱ ሆንኩ።

ለአራተኛ ክፍል ልጆች ድራማ እንዳስተምር ታዘዝኩ። የተፈለገው ለበዓል መፈክር የሚያሰማ፣ እጁን እየወነጨፈ የሚጮኽ ልጅ ነው። እኔ ግን ልጅ ከመጮኹ በፊት ማየት ይማር ባይ ነበርኩ። ሕጌ አጭር ነው፦ ዕቃ የለም፣ ቃል የለም። ሄዳችሁ አንድ ሰው ሲሠራ ተመልከቱ፤ መጥታችሁ በባዶ እጃችሁ አሳዩን፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ እኛ እንናገራለን።

ልጆቹ አበዱበት። አንዱ ሰሊጥ አጫጅ ሆኖ ወገቡን ይዞ ሲቃና ክፍሉ “ኧረ ውኃ ስጡት!” ብሎ ይጮኻል። ሌላዋ ትራክተሩ አልነሳ ያለበት ሹፌር ሆና ጎማ ስትረግጥ ሳቄን መያዝ ያቅተኛል።

ከሁሉም የምትበልጠው ግን ዝምተኛዋ ናት። እናቷ ገበያ ላይ ወይካ የሚሉትን ደረቅ ባሚያ ትሸጣለች። ይህች ልጅ በባዶ እጇ እንስራ ስታነሳ የውኃው ክብደት ትከሻዋ ላይ ይታያል። ብዙ ዘመን አስተምሬአለሁ፤ እንደሷ ያለ አልገጠመኝም።

ምክትል ርእሰ መምህሩም ድራማውን ወደደው። የሌላ አስተማሪ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው እኔ ጋ የኋላው ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጥና የክብሪት እንጨት ያኝካል። ልጆቹ የገበያ ሰው ሲያሳዩ ያኝካል። የቤታቸውን ነገር ሲያሳዩ ማኘኩን ያቆማል። ይህን ሳስተውል፣ “ከዛሬ ጀምሮ የገበያ ሰው ብቻ አምጡ፤ የቤት አይሆንም” አልኳቸው።

“ለምን፣ ጓዲት?” አለኝ ከኋላ። “የሰፊው ሕዝብ ኑሮ ቤቱ ውስጥ አይደለም እንዴ?”

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። “እሺ፣ የቤትም ይምጣ” አልኳቸው።

በማግስቱ ዝምተኛዋ ልጅ ወጣች። የማይታይ ሳህን ይዛ ግራ ቀኝ አየች። ጉሮሮዋን ቀስ አድርጋ ጠረገች፤ በዝቅተኛ በር እንደሚገባ ሰው ጎንበስ ብላ ገባችና ተቀመጠች። እንጀራ ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ ወጥ አስነካች። ከዚያ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ቁጭ ያለ ትልቅ ሰው አፍ እስከሚደርስ። አጎረሰች። እንደገና ጠቀለለችና ደገመች።

“ሙሽራ ናት!” አለ አንዱ።

“በሽተኛ የምታስታምም ናት!” አለች ሌላዋ።

እኔ ግን ያየሁት እናቷን ነው። ትከሻው የሷ፣ የቸኮለው አቆራረስ የሷ። ቤታቸው ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ እንደሚኖሩ ሁሉም ያውቃል፤ ታላቅ ወንድሟ ወታደር ነው፣ ከግንባር ጠፋ መባሉንም ሰምቻለሁ። ከኋላ የክብሪት እንጨቷ መታኘክ ቆሟል።

“ለማን ነው የምታጎርሺው፣ የኔ ልጅ?” አለ ምክትሉ፤ ድምፁን አለስልሶ።

ልጅቷ ወደ እኔ ተመለከተች።

“ለፍየል ነው” አልኩ። “የታመመች ፍየል አለቻቸው።”

“ፍየል ሁለት ጊዜ ትጎርሳለች? አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ትቀየማለች እንዴ፣ ጓዲት?”

“የጎንደር ፍየል ናታ፣ ጓድ! ደንብ ታውቃለች።”

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሳቀ፤ ግን ከሁሉም ዘግይቶ። ልጅቷ “ፍየል አይደለችም” ልትል አፏን ስትከፍት ቀደምኳትና፣ “ሁላችሁም ተነሱ! ሁላችሁም የታመመች ፍየል አጉርሱ!” አልኩ። ደወል እስኪደወል አጎረሱ። በእረፍት ሰዓት የሌላ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ከኒሙ ዛፍ ሥር ፍየል ሲያጎርሱ ዋሉ። ማን እንደጀመረው እንዳይለይ ነበር የፈለግኩት።

ለልጅቷ ምንም አልነገርኳትም። ብነግራት ማወቄን መናገር ይሆናል። ቤቷ ገብታ “እትዬ ፍየል ናት አለች” እንደምትል፣ እናቷም ነገሩ መታየቱን እንደምትረዳ ግን ገምቼ ነበር።

በዚያው ሳምንት ታጣቂዎች ቤታቸውን ፈተሹ። ከጎተራው ጎን ባለችው ጎጆ ያገኙት በገመድ የተጠለፈ ባዶ የአንገረብ አልጋ ብቻ ነው። ወንድሟ ቀድሞ ሱዳን ገብቷል።

እናትየው ከነገሩ ግማሹን ብቻ ተረዳች፤ እኔ ማወቄን። ወይካ ልገዛ ብሄድ ጆንያውን ሸፈነችብኝ።

“ላንቺ የሚሸጥ የለኝም።”

“ምን አደረግኩሽ?”

“ልጄን እናትሽን ሰልዪ ብለሽ የላክሻት አንቺ አይደለሽ? ሂጂ፣ ለጓዶችሽ ፍየል ጠብቂላቸው!”

ገበያው ጆሮ ብቻ ሆነ። “ሸፍኜልሻለሁ” ብል ሁለታችንንም የሚያሳስር ቃል ነው። ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ተመለስኩ። ዝምታዬን እንደ እምነት ቃል ቆጠሩት፤ ወላጆችም አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ከድራማው አስወጡ። ዝምተኛዋ ከትምህርት ቤት ቀረች። ሽንፋ ዘመድ ዘንድ ላኳትና እዚያው ዳሯት። ለሌላው ሁሉ ይቅር ልል እችል ይሆናል። ለዚህ አልልም።

ታጣቂዎቹን ማን ላካቸው? እሱ ነው ብዬ አልምልም። ከፍተሻው በኋላ ግን ምክትሉ የኋላው ዴስክ ላይ አንድም ቀን አልተቀመጠም። ድራማው ድንገት አስጠላው? አሁን የአገር ሽማግሌ ሆኗል፤ ለቅሶ ቤት በተቀመጠ ቁጥር “በዚያ ዘመን ስንቱን አትርፌአለሁ” ይላል። እስቲ አንዱን ጥራ ሲሉት ያስለዋል።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሸሕዲ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ምግብ ቤት ገባሁ። ጥግ ላይ እናትየው ከአንድ ጎልማሳ ጋር ተቀምጣለች። ስሜ ሲጠራ ሰምቶ ይሁን እንጃ፣ ሰውየው ብድግ አለ።

“የፍየሏ እትዬ! እርስዎ ነዎት?” አለኝ። “እህቴ ሁሉን አጫውታኛለች። እሷ ዛሬም ሰው ስታስመስል ጉድ ናት፤ ልጆቿን በሳቅ ትገድላቸዋለች።”

ያለ ምንም ማመንታት ጠቀለለና አጎረሰኝ። ሁለተኛውን ሲጠቀልል እናቱ የእጁን አንጓ ያዘች።

“አንዱ ይበቃታል” አለች፣ እኔን ሳታይ።

የጎረስኩትን ዋጥኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩና ወጣሁ። ያቺ ሴት አንድ ጉርሻ ምን እንደሚያደርግ የማታውቅ አይደለችም።