በሲሸልስና በሞሪሸስ የተኳረፉት ጎረቤታሞች

አባቴና ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሦስት ወር የተኳረፉት በሁለት የደሴት አገሮች የተነሳ ነው። ሁለቱም ባሕር አይተው አያውቁም። ቂርቆስ ውስጥ አንድ የጭቃ ግድግዳ ተጋርተን ነበር የምንኖረው፤ እሳቸው ሲያስነጥሳቸው እኛ ከዚህ ማዶ "ይማርዎ" እንላለን።

አባቴ ከመዝገብ ቤት ሥራው ጡረታ እንደወጣ፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የሞሪሸስ ፎቶ ያለበት ካላንደር ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ የኑሮ ነገር በተነሳ ቁጥር "ኑሮማ ሞሪሸስ!" ማለት አመጣ። ልብስ ሰፊው ደግሞ ስለ ሲሸልስ በሬዲዮ ሰምተው ኖሮ አልተዋጠላቸውም። በራችን ላይ ተቀምጠው ይከራከሩ ጀመር። ውሃው በፈረቃ ነው? ሲዘንብ ይጨቀያል? እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

አንድ እሁድ ግን አባቴ፣ "ሲሸልስ እኮ ብትንትን ያለች አገር ናት። ልቅሶ ለመድረስ ጀልባ ልትሳፈር ነው። ይሄ ኑሮ ነው?" አላቸው።

"ሞሪሸስ ይሻላል? አንድ ደሴት ላይ ታጭቀህ ከሚስትህ ዘመዶች የት ትሸሻለህ?"

የእናቴ እህቶች ያን ቀን እኛ ቤት ነበሩ። ሰላምታው በዚያው ቀረ።

በመጨረሻ የእድራችን ሰብሳቢ ሊያስታርቁ መጡ።

"በምንድን ነው የተጣላችሁት?"

"በደሴት" አለ አባቴ።

"ካርታው በማን ስም ነው?"

"በማናችንም።"

"እንግዲያው ምን ያጣላችኋል? እኩል ተካፈሉ!" ብለው ተነስተው ሄዱ። ዕርቁም አልሰመረም።

የልብስ ሰፊው ሱቅ ካዛንቺስ ነበር። እዚያ አካባቢ የአፍሪካ አገሮች ስብሰባ በመጣ ቁጥር የውጭ አገር ሰው ልብስ ሊያስተካክል ጎራ ይላል። አንድ ቀን ቤት ስልክ ደወሉልኝ፤ ኮሌጅ ገብቼ እንግሊዝኛ እሞካክር ነበር።

"ቶሎ ነይ! ከሲሸልስ ሰው መጥቷል!"

ስደርስ ሰውየው ፎጣ አገልድሞ ተቀምጧል። ሱሪው እሳቸው እጅ ነው፤ መልስ ሳያገኙ የሚሰጡትም አይመስሉም።

"ኑሮ እንዴት ነው በይው።"

ጥሩ ነው፣ ባሕሩም ያምራል አለኝ። ልብስ ሰፊው ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ሰውየው ማንም ሳይጠይቀው፣ ሽንኩርት እንኳ በመርከብ እንደሚመጣ፣ መርከብ ሲዘገይ አንዳንዴ ጨርሶ እንደሚጠፋ ጨመረ።

"ምን? ሽንኩርት? ታዲያ ወጡን በምን ይሠሩታል?"

"ዓሣ ጠብሰን እንበላለን" አለ ሰውየው።

ልብስ ሰፊው ሱሪውን ሰጡት፤ አብሮ ላመጣው ኮት ደግሞ ለነገ ቀጠሩት። ሱቃቸውን ዘግተውም እኔን አስከትለው በቀጥታ ወደ አባቴ መጡ።

"ሽንኩርት የለም" አሉት፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ቀስ ብለው።

አባቴ ይስቅባቸዋል ብዬ ስፈራ ወንበር ሳበላቸው። "ምን ታደርገዋለህ? የእኔዎቹም ያው ባሕር መሀል ናቸው" አለ።

በማግስቱ ሰውየው ኮቱን ሊወስድ ሲመጣ ሁለቱ አምስት ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል ይዘው ጠበቁት። "ለእናቱ ይውሰድላት በይው" አለኝ አባቴ። ሰውየው እኔን አየኝ፣ ሽንኩርቱን አየ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፤ ፌስታሉን አንጠልጥሎም ወደ ሆቴሉ አቀና።

ሁለቱ አስፋልቱን እስኪሻገር በር ላይ ቆመው ሸኙት።

"ከሳ ያለ ነው፣ አይደል?" አለ አባቴ።

"ወገቡን ስለካ አይቻለሁ" አሉ ልብስ ሰፊው።