ቆርጬ የጣልኩት ፊቴ

ሕመም ቤተሰብን ያቀራርባል ይላሉ። አያቀራርብም። እኔን ከቤተሰቤ ነጥሎ ቤዝመንት ነው ያስገባኝ።

የልጄ የሊዲያ ምርቃት ነበር። ብሉሚንግተን ከተማ፣ እህቴ ግቢ ውስጥ ለፎቶ ተሰለፍን። ፈገግ አልኩ። ግራ ፊቴ እምቢ አለ። ዓይኔም አልከደን አለ።

"ምች ነው" አለች እህቴ። "ተቀመጥ፣ ዳማከሴ ልቀባህ።" በየጽሑፌ በሰው አጉል እምነት ስቀልድ የኖርኩት ሰውዬ ቁጭ ብዬ ተቀባሁ። ሆስፒታል የሄድኩት ሲብስብኝ ነው።

"ስትሮክ አይደለም። ቤልስ ፖልሲ የሚባል የፊት ነርቭ ሕመም ነው" አለች ሐኪሟ። "ፕሬድኒሶን የሚባለው መድኃኒት በደንብ የሚረዳው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው። ምን ስትጠብቅ ነበር?"

ዳማከሴ ማለት አፈርኩ።

ሾርባ ከአፌ ጥግ ይፈሳል። ስተኛ ዓይኔን በፕላስተር አሽጋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ቤዝመንት እወርዳለሁ።

ሊዲያ ሰዓሊ ናት። የቤተሰብ ፎቶ አሳድጋ ወፍራም ወረቀት ላይ ትገለብጥና ጥላ ጥላውን በምላጭ ቆርጣ ታወጣለች፤ ከዚያ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ቀለም ትነፋበታለች። ስቴንስል ይሉታል። ፊሊፕስ የሚባል ሰፈር ላለ አንድ ሱቅ ግድግዳ የመረጠችው ያንኑ የምርቃት ፎቶ ነበር።

"ሌላ ፎቶ ጠፋ?" አልኳት።

"ሁላችንም ያለንበት እሱ ብቻ ነው፣ አባዬ።"

ስትወጣ ጠብቄ ጋራዥ ገባሁና ምላጩን አነሳሁ። ሠርታ ከጨረሰችው ወረቀት ላይ ጭንቅላቴን ዙሪያውን ቆርጬ ጣልኩት። ተገላገልኩ አልኩ።

ስታየው ቀለሟን አነሳች። ጋራዥ ውስጥ ካርቶን ላይ ነፍታበት ጠራችኝ። ሌላው ሰው ሁሉ በቀጫጭን ጥላ ተስሏል። መሃል ላይ ድፍን ጥቁር ጭንቅላት ተገትሯል።

"ዳድ፣ ሲሪየስሊ? የሚታየው እኮ ተቆርጦ የወጣው ነው! አሁን ካንተ ሌላ ማን ይታያል?"

ሳቀች። እኔም በግማሽ ፊቴ ሳቅኩ። ከዚያ ወለሉ ላይ የጣልኩትን የጭንቅላቴን የወረቀት ብጥስጣሽ አየሁ፤ ስንት ቀን አጎንብሳ የሠራችው ነው። ፊቴ ማሳፈሩን ተወ፤ እጄ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳሳየችኝ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቅንድቤን ለማንሳትና ጉንጬን ለመንፋት ስታገል፣ ሊዲያም ከጎኔ ሆና ሌላ ወረቀት ላይ እንደ አዲስ ስትቆርጠኝ ወራት አለፉ፤ ፊቴም ቀስ እያለ ተመለሰ፣ ሲደክመኝ ወደ ቀኝ መሳቡ ግን አልቀረም። ግድግዳው ላይ ያለሁትም እንደዚያው ተጣምሜ ነው።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ። እህቴንም፤ ዳማከሴዋ ሽታው ጥሩ ነው። ልጄን የማመሰግንበት ቃል ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ፊታችሁ ድንገት ከተጣመመ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ወዲያው 911 ደውሉ፤ ምች ይሁን አይሁን ሐኪም ይንገራችሁ። ልጆቻችሁ ለፎቶ ሲጠሯችሁ ደግሞ ከቤዝመንት ውጡና ከነጠማማው ፊታችሁ ቁሙላቸው።