ወደ ባሕር የተመለሰችው ዛጎል

እህቴ ሁለት ልጆች ከቀበረች በኋላ ሦስተኛውን አርግዛ ነበር። ካንገቱ ዛጎል ካላሰርኩለት አይተርፍልኝም ብላ ባሏን መውጫ መግቢያ አሳጣችው። እሱ በምጽዋ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል። ከገበያ የሚያመጣውን ሁሉ «ይኼማ ፀሐይ የበላው ነው፣ ደብዝዟል» እያለች ስትመልስበት ጊዜ፣ አንድ ቀን ዓሣ አጥማጅ ለምኖ አንዷን ከነሕይወቷ፣ ከነባሕር ውኃዋ፣ በጣሳ ይዞልን ጥራቮሎ አብረን የምንኖርበት ቤት ገባ።

እኔ ያን ጊዜ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ልብስ እሸጥ ነበር፤ ዛጎል ድንጋይ ይመስለኝ ነበር። ዛጎሏ ቀኑን ጣሳው ውስጥ ታች ተለጥፋ ዋለች። ሲመሻሽ ከሆዷ ስንጥቅ ስስ ጠቆር ያለ ሥጋ በግራና በቀኝ ወጥቶ ጀርባዋ ላይ ተገናኘ፤ ቅርፊቷን እንደ ነጠላ ሸፈናት።

«የምታብለጨልጨው ለዚህ ነው» አለ የእህቴ ባል። «በሥጋዋ እየሸፈነች ትጠብቀዋለች፣ በላዩም ትጨምርበታለች። በሉ እንግዲህ፣ እንግደላትና ጉንዳን እንዲያጸዳት እንቅበራት።»

እህቴ ብድግ አለች። «ኣይፋልን፣ አይሆንም! ለልጄ ነፍስ እየለመንኩ የሌላ ነፍስ ላጥፋ? ወደ ባሕሯ መልሳት!»

በማግስቱ የምጽዋ መንገድ ተዘጋ። ወታደሮች ከከተማው መውጫ፣ ከቤት ጊዮርጊስ ወዲያ ማንንም አያሳልፉም ነበር። እህቴ መቀመጥም መቆምም አቃታት፤ እኔም ከሥራ እየበረርኩ መጥቼ ጣሳውን አያለሁ። ውኃው መሽተት ሲጀምር እህቴ ደፋችውና በቧንቧ ውኃ የምጽዋ ጨው አሟሟችበት። «ጨው ከባሕር አይደል የሚመጣው? ምን ጎደለ?» አለችኝ። እኛ ደገኞች ባሕርን የምናውቀው በወጥ ጨው ነው።

ዛጎሏ ከዚያ ወዲያ ከቅርፊቷ አልወጣችም። «ተኝታ ይሆን?» ትለኛለች እህቴ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ።

መንገዱ ሲከፈት ባሏ ጣሳውን አሸተተና ይዞት ወጣ። ጓሮ ሲቆፍር በመስኮት አየሁት። ከምጽዋ ሲመለስ ግን «ባሕሯ ገባች» አላት። እኔም አፌን ዘጋሁ። መሞቷን ብትሰማ ለልጇ ምልክት አድርጋ ትወስደዋለች ብዬ ፈራሁ፤ እስክትወልድ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ሴት ልጅ ወለደች፤ ተረፈችላት። የክርስትናዋ ዕለት ጠዋት፣ ሕፃኗን እያለበሰች ባሏን «ባሕር የመለስካትን አምጣልኝ» አለችው።

ወደ እኔ ዞረ።

«ከእርጉዝ ሴት ሽታ ይደበቃል?» አለችው። «እወ፣ መሞቷንም መቀበሯንም ያን ቀን አውቄያለሁ።»

ከጓሮ አውጥቶ ከሸሸገበት ከመኪናው ይዟት መጣ። ጉንዳን አጽድቷታል፣ ታበራለች። እህቴ ክር አስገብታ ልጇ አንገት ላይ አሰረቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ዛጎሏን ሳመችና «ይቅር በይኝ» አለቻት።