የላሪሳ ሾርባ

ሰርካዲስ አፏን መዝጋት የጀመረችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ባሏ ጣሰው መጀመሪያ ጥርሷን ያመማት መስሎት ነበር። ገንፎ ሠራ፣ አጥሚት ሞከረ፣ ሙዝ አድቅቆ በማንኪያ አቀረበላት፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የመርሳት በሽታ ከያዛት ቆይቷል። እስከዚያ ድረስ ግን የሰው ስም ትረሳለች፣ የጣደችውን ትረሳለች እንጂ መብላት ረስታ አታውቅም። ልብሷ እየሰፋት ሄደ። ጣሰው እሷን ለመጠበቅ ብሎ የግሮቭ ሲቲውን የመጋዘን ሥራ ትቶ፣ በስደት ከሚኖሩበት የሂልቶፕ ሰፈር ቤታቸው ሳይወጣ ይውላል።

ልጃቸው ሔርሞን እሑድ እሑድ ከምትኖርበት ከካናል ዊንቸስተር ትመጣለች።

«አባዬ፣ ዶክተሩ ያለውን ሰምተሃል። ወይ በቱቦ የሚመግበው ፊዲንግ ቲዩብ፣ ወይ ነርሲንግ ሆም። ብቻህን አትችለውም» ትለዋለች።

«እስቲ ትንሽ ታገሺኝ» ይላታል። ምን እስኪሆን እንደምትታገሰው ግን ራሱም አያውቅም።

ከምግቡ ሌላ የሚያስጨንቀው ማጉረምረሟ ነበር። አማርኛዋ ከጠፋ ወዲህ ምኑም የማይያዝ ነገር ስታወራ ትውላለች። ሕመሙ አንደበቷን ያበላሸው መስሎት ነበር። አንድ ቀን ክሊኒክ ተራ ሲጠብቁ ግን አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት ነጭ አሮጊት ዞር ብለው መለሱላት። ሰርካዲስ ቀና አለች። ሁለቱ ጨዋታ ያዙ።

«ባለቤትህ እኮ ጥሩ ራሽያኛ ነው የምትናገረው» አሉት አሮጊቷ በእንግሊዝኛ።

ጣሰው ክው አለ። በወጣትነቷ ራሽያ፣ ቮሮኔዥ ሄዳ እርሻ ተምራ እንደመጣች ያውቃል፤ የተገናኙት ግን ከዚያ ወዲያ ነው። ቋንቋውን ቤቱ ውስጥ ስትናገረው ሰምቶ አያውቅም፤ እሱም ከራሽያኛ አንዲት ቃል የለውም። አሮጊቷ ራሳቸው ምሳ የሚበሉበትን የራሽያ ምግብ ቤት አመላከቱት።

በማግስቱ መኪና ውስጥ አስገብቷት ሄደ። ቤቱ በልብስ ማጠቢያና በጎማ መሸጫ መካከል የተሸጎጠ ነው። ጠረጴዛዎቹ ባለ አበባ ፕላስቲክ ለብሰዋል፤ ሰው ትሪ ይዞ ይሰለፋል፤ ሾፌሮችና ቀለም ቀቢዎች አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። ቤቱ የተቀቀለ ጎመንና እንስላል ይሸታል። ባለቤቷ ላሪሳ፣ ክንደ ደንዳና ሴትዮ፣ ጭልፋውን ለማንም አትሰጥም።

ላሪሳ ሰርካዲስን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሰርካዲስ መለሰች፤ ደግሞም ብዙ አወራች። ላሪሳ ጭልፋዋን አስቀምጣ አዳመጠቻት፤ ከዚያ የቀይ ሥር ሾርባ ከነሥጋው ሞልታ፣ ኮምጣጣ ክሬም ጣል አድርጋበት፣ ራሷ ጠረጴዛው ድረስ አመጣችላት።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ በዓለ ሃምሳም አልፏል። ሰርካዲስ በደኅና ጊዜዋ ረቡዕን ገድፋ አታውቅም። ጣሰው ሳህኑን አየና «አንተው ይቅር በል፤ ያስገደፍኳት እኔ ነኝ» ብሎ ማንኪያውን አስጨበጣት።

በላች። ሥጋውን ለይታ በላች፣ መረቁን ጠጣች፣ በዳቦ ሳህኑን ጠረገች። ጣሰው እንባውን በናፕኪን እየጠረገ አያት።

ላሪሳ ሳህኑን ልታነሳ ስትመጣ «ቅድም ምን ስትልሽ ነበር?» አላት ጣሰው በእንግሊዝኛ።

«ተወው፣ የበሽተኛ ነገር ነው።»

«ግድ የለም፣ ንገሪኝ።»

ላሪሳ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «የተማሪ ካፌ ውስጥ ያለች ነው የሚመስላት። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ቤት ውስጥ ዘግቶብኛል፣ በግድ ሊያበላኝ ይታገላል፣ እፈራዋለሁ ነው የምትለው። ፖሊስ እንድጠራላት ለመነችኝ።»

ሰርካዲስ ጣሰውን በጎን ታየዋለች።

«አትፍሪ በራሽያኛ ምን ይባላል?» አላት ላሪሳን።

«ኒ ቦይስያ።»

ወደ ሚስቱ ዞሮ የተባለውን አለ። ሰርካዲስ ፊቱን መረመረችው፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እጇን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሰበሰበች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ያመጣት ጀመር። ላሪሳ አጠገቧ ከቆመች ትበላለች፤ ገበያ በዝቶ ላሪሳ ከራቀች ማንኪያውን ታስቀምጣለች። ጣሰው ማዶ ተቀምጦ፣ እንዳትደነግጥ ወደ መስኮቱ ያያል። አንድ እሑድ ሔርሞንም አብራ መጣችና እናቷ ለባዕድ ሴት ስትስቅ፣ ከአባቷ ስትሸሽ አየች።

«ሺ ኢዝ ስኬርድ ኦፍ ዩ፣ ዳድ፤ ትፈራሃለች» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አውቃለሁ» አላት።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሰርካዲስ ለላሪሳም አፏን ዘጋች። ላሪሳ ቁልምጫ ስሟን እየጠራች በማንኪያ ልታጎርሳት ሞከረች፤ ሾርባው በአገጯ ወርዶ ጡቷ ላይ ፈሰሰ። የተሰለፈው ሰው ትሪውን ይዞ ጠበቀ፤ ማንም አልተቆጣም። ላሪሳ ጠራረገቻትና ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች።

ጣሰው ሚስቱን መኪና ውስጥ አስቀምጦ ቀበቶዋን አሰረላት፤ በሩን ዘግቶ ውጪ ቆመና ለሔርሞን ደወለላት።

«ነርሲንግ ሆም ያልሽውን ፈልጊ» አላት። «ግን ራሽያኛ የሚችል ነርስ ያለበት ይሁን።»

«አንተስ?»

«እኔ ከውጭ ሆኜ አያታለሁ። የመጨረሻ ጊዜዋን እኔን እየፈራች አትጨርሰው።»

ሔርሞን ስታለቅስ ይሰማዋል። ስልኩን ዘግቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ሰርካዲስ ወደ በሩ ተጠግታ ኩርምት አለች። ጣሰው ሞተሩን አስነሳና እንዳትደነግጥ ቀስ ብሎ ወደ ብሮድ ጎዳና ወጣ።